ያልተሰነጠቀው ኩቴክስ

ስልኳ ሲጮህ ዮዳሄ ኩፐርቲኖ ባለው የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ፣ አጉሊ መነጽሩ ሥር ካስቀመጠችው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ቀና አላለችም። ያን ሰሞን ከምንም ነገር ቀና አትልም ነበር። ዓይኗ አንዴ ካረፈበት አይነሳም፣ ሰው ሲጠራት ዘግይታ «አቤት» ትላለች፣ ምሳዋን መብላቷን የምታውቀው ባዶውን ሳህን አይታ ነው። ኀዘን ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ ኀዘን እንኳ ያስለቅሳል። እሷ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ አልቅሳ አታውቅም።

«ዮዳዬ፣ ወርቂቱ ነኝ፣ ከኦክላንድ። ሥራ ላይ ነሽ መሰል፣ አላቆይሽም። ልጁ ፒክአፑን ሸጦታል።»

«የቱ ልጅ?» አለች ዮዳሄ፣ የቱ ልጅ እንደሆነ እያወቀች።

«ስንት ልጅ አለኝና ነው? ይብራህ ነዋ! ሲያትል የትሬለር ሥራ አግኝቶ መንደይ ይሄዳል። ገዢው ደግሞ ያንን መኪናው ውስጥ የገጠማችሁትን ኮምፒዩተር አልፈልግም፣ የድሮውን ራዲዮ መልሱልኝ ብሏል። ልጁ ሊነቅለው ካቻቢቴ ሲያነሳ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። የሷ ልፋት ነው፣ መጥታ ራሷ ትንቀለው አልኩት። ነገ ሳተርደይ አይደል? ነይ።»

«እሱ ይኖራል?»

«ሺፍት አለው። አትገናኙም።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለችና ዘጋች። አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። መበየጃውን ስታነሳ ጫፉ አውራ ጣቷን ነካት፤ መቃጠሏን ያወቀችው የተቃጠለ ቆዳ ሲሸታት ነው። ጣቷን ቧንቧ ሥር ይዛ የሌላ ሰው ጣት ይመስል ስታየው ቆየች።

እትዬ ወርቂቱ የይብራህ አከራይ ናቸው፤ በሥጋ ሳይሆን በጉልበት አክስቱ የሆኑ። ይብራህ በፒክአፑ ለአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ዕቃ ያደርሳል። ከዮዳሄ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል ሶፋ አዘው፣ ልጁ ሶፋውን ጭኖ ሳን ሆዜ ውስጥ ጠፋ። በዚያን ጊዜ መንገድ የሚያሳይ ስልክ እንደዛሬው በሰው ሁሉ እጅ አልገባም። ደወለና ዮዳሄ አነሳች። «ወደ ቀኝ ታጠፍ። አሁን ወደ ግራ። ኧረ በቀስታ፣ አለፍከው!» እያለች ከአውራ ጎዳናው እስከ ደጃቸው መራችው። በሩን ስትከፍትለት ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ ግን ይስቃል። «እንዲህ የምትመራኝ ብትኖር እኮ ሥራዬን በጊዜ እጨርስ ነበር» አላት። አቶ ወልደ ሚካኤል ይህን ሰምተው ኖሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አቶ ወልደ ሚካኤል አስመራም አዲስ አበባም የባንክ ሹም የነበሩ፣ ሚስታቸው ሞተው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ኢንጂነር አደረጓት። እሷና ይብራህ እንደሚዋደዱ የሰሙ ዕለት ቁጣቸው «ሶፋ ያመጣልን ልጅ?» የምትል ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም። ሶፋ ያመጣልን ልጅ ነው።

ኮምፒዩተሩ ግን ያኔ ተጀምሮ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዮዳሄ ለአባቷ «ትርፍ ሰዓት አለኝ» እያለች ኦክላንድ፣ እትዬ ወርቂቱ ጋራዥ ትገባለች። እትዬ ወርቂቱም ሁለት ወጣት ብቻውን አይቀመጥም ብለው በርጩማ ይዘው ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ ይውላሉ። የፒክአፑን ራዲዮ አውጥተው በቦታው ንክኪ የሚገባው ስክሪን ሊያስገቡ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ መጽሐፍ የምታክል ኮምፒዩተር፣ ጣሪያው ላይ ሳተላይት የምትሰማ ትንሽ መቀበያ። የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ቆርጦ፣ በስቱኮ ሞልቶ፣ ስክሪኑ አብሮት የተወለደ እስኪመስል በብርጭቆ ወረቀት የሞረደው ይብራህ ነው። ሽቦው የዮዳሄ ነው። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በይዳ ስትጨርስ ከቦርሳዋ ቀይ ኩቴክሷን አውጥታ ጠብ ታደርግበታለች። የሥራ ቦታዋ ልማድ ነው፤ ያለቀለት ነገር ላይ ቀለም ይቀባል፣ ሰው ከነካካው ቀለሙ ይሰነጠቃል።

«ተሰንጥቆ ባገኘው ወዮልህ» ትለዋለች።

«እኔ? ኩቴክስሽን? በመስቀል!»

በመጨረሻ የኮምፒዩተሩን መንገድ መሪ አማርኛ አስተማረችው። መኝታ ቤቷ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አባቷ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ፣ «ወደ ቀኝ ታጠፍ»፣ «ወደ ግራ ታጠፍ»፣ «ይብራህ፣ አለፍከው!» እያለች ቀዳች። ያን ጊዜ የነበራት ደስታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ሰው ይበዛ ነበር።

በስንት ልመና አቶ ወልደ ሚካኤል ለዘብ አሉ። «እሺ፣ ሽማግሌ ይላክና የሚሉትን እሰማለሁ» አሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተባለ።

ዋዜማውን ዮዳሄ ኦክላንድ ነበረች። እስከዚያ ቀን ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ በተሳበ ገመድ ነው፤ ገመዱ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ እግር ይጠልፋል። «ነገ ትላልቅ ሰዎች ናቸው የሚሳፈሩት፣ እንዲህ ተዝረክርኮ አያዩትም» ብላ ገመዱን ከዳሽቦርዱ ኋላ ደበቀችው፣ ከመኪናው ሽቦዎች ጋር በየደችው፣ ኩቴክሷን ቀባችው። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሳይመለሱ ቤት መግባት ነበረባትና እየሮጠች ወጣች። በመኪናዋ መስኮት ብቅ ብላ «እስከ ነገ ምንም እንዳትነካካ!» አለችው።

«አልነካካም» አላት።

እሁድ አቶ ወልደ ሚካኤል ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ወንድማቸውንና ሁለት ወዳጆቻቸውን ጠርተው ሳሎን ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፣ አለፈ። እንግዶቹ መጀመሪያ ስለ አየሩ አወሩ፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዮዳሄ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ የአባቷን ጫማ ታያለች፤ ጫማው ምንጣፉን ቀስ እያለ ይመታል። በመጨረሻ መኝታ ቤት ገብታ ለይብራህ ደወለች።

«ገና ሄይዋርድ ነን፣ መንገድ ላይ» አላት። «ባተሪው ሞተ። ጠዋት ጎረቤት ጃምፕ አድርጎልኝ ነበር የተነሳው። አቶ ጋሻው ሽንት ቤት አሉና ነዳጅ ማደያ አቁሜ ሳጠፋው፣ በዚያው ቀረ። ለታክሲ ደውያለሁ።»

«ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ? ምን ነካው?»

ከጀርባው የሽማግሌው የአቶ ጋሻው ድምፅ ይሰማታል። «ይሄን ነገር ማነው የቀጠለው?» ይላሉ። 

«እኔ ነኝ» አለ ይብራህ፣ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ። «ማታ ሽቦውን ነካክቼው ነው።»

የዮዳሄ ደም ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። «አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ! አባዬ ሶፋ ተሸካሚ ሲሉህ እኔ ከሳቸው ጋር ስጣላ ኖርኩ። ለካ እውነታቸውን ነው። እጅህ ከመሸከም ሌላ ምንም አያውቅም።» ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ በታክሲ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፣ እንግዶቹም ሄደዋል። አቶ ወልደ ሚካኤል በሩን ገርበብ አድርገው «ቀጠሮ የማያከብር ቤት ልጄን አልሰጥም» አሉና መለሱት። ግቡ አላሏቸውም። ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ ተመለሰ፤ እዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ይብራህ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳችም። ቀስ በቀስ ተወ። እሷም ቀስ በቀስ ምንም የማይሰማት ሆነች።

እትዬ ወርቂቱ በደወሉ ማግስት፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሄይዋርድን ስታልፍ ማደያውን ዞር ብላ አላየችውም። እትዬ ወርቂቱ በር ላይ አቅፈው ሳሟትና ክንዷን እየዳበሱ «አጥንት ብቻ ሆነሻል፣ ሳን ሆዜ ምግብ የለም እንዴ?» አሏት። ፒክአፑ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ታጥቦ ሲያዩት የሰው ሆኗል።

«አቶ ጋሻው እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል» አሉ እትዬ ወርቂቱ ቁልፉን እየሰጧት። «ያን ዕለት መንገድ ላይ ድምፅሽን ሰምተው ይቺ ማናት ሲሉት፣ ኮምፒዩተሯ ናት አላቸው። አስተዳደግ ያላት ኮምፒዩተር ናት፣ ይሏታል አሁንም።»

ዮዳሄ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯ ግን አልታዘዘም። ገብታ ቁልፉን አዞረች። ስክሪኑ በራ። «ጤና ይስጥልኝ ይብራህ! ዛሬ ወዴት ነን?» አለ አንድ ድምፅ፣ ሳቅ አፍኖ የያዘ የልጅ ድምፅ። ዮዳሄ ይቺ ልጅ ማን ናት ብላ አሰበች። የራሷ መሆኑን ስታውቅም አልደነቃትም፤ የሞተ ዘመድ ፎቶ እንደምታይ አየት አድርጋ አጠፋችው። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችና የስቱኮውን ክፈፍ ፈታች።

ሥራ ታውቅበታለች። ስክሪኑን አወጣች፣ ኮምፒዩተሯን ከመቀመጫው ሥር ሳበች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብታ የእጅ ባትሪ አበራች። ቀያዮቹ ነጠብጣቦች ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ይብራህ ያበላሸውን መጋጠሚያ ልታይ ፈለገች። ለምን እንደፈለገች አታውቅም። የተሰነጠቀ ኩቴክስ ፈልጋ አጣች።

ኮምፒዩተሯን «ቁልፉ ዞሯል፣ ንቂ» የምትላት አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቁልፉ ሲጠፋ እሷም ስትሞት ኮምፒዩተሯ ትተኛለች። ስለዚህ መያያዝ ያለባት ከቁልፉ ጋር ከሚሞት ሽቦ ጋር ብቻ ነው። ዮዳሄ ሽቦዋን በጣቷ ተከተለቻት። መሀል ላይ ተቆርጣ፣ በጥቁር ናስትሮ እንደ ቁስለኛ ጣት ተጠቅልላ፣ ወደ ሌላ ሽቦ ዞራለች። ይህ የሷ እጅ አይደለም። የተቆረጠችው ቁራጭ ግን ከነመጋጠሚያዋ ቀርታለች። ብየዳው የሷ ነው። ኩቴክሱም የሷ ነው፣ ምንም ያልነካው፣ እንደ ተቀባ ዕለት የሚያብረቀርቅ።

ቴስተሯን አወጣች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ሞቶ መገኘት የነበረበትን ሽቦ ስትነካው ሙሉ የባተሪ ኃይል አሳያት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው፣ ያው ነው። ያ ሽቦ አይሞትም፤ መቼም ሞቶ አያውቅም። ያን ሌሊት ቁልፉ ይብራህ ትራስ ሥር ተኝቶ ሳለ ኮምፒዩተሯ ጨለማ ውስጥ ነቅታ ባተሪውን ስትጠጣ አደረች።

የሰው ሥራ ስትፈትሽ እንዲህ ያለ ስህተት አያመልጣትም። ያን ቅዳሜ ግን ቸኮለች፤ መለካት ሲገባት የሽቦውን ቀለም አይታ ገመተች። የመኪናው የሽቦ ቀለም ግን እሷ ከምታውቀው የተለየ ነበር። ከዚያም በገመተችው ላይ ያለቀለት ነው ብላ ኩቴክስ ቀባች። ሽማግሌዎቹን ደጅ ያስቆመቻቸው፣ አባቷን በሰው ፊት ያሳፈረቻቸው እሷ ናት።

«ነክቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ብያለሁ» አለ አንድ ሰው።

ይብራህ በተከፈተው የመኪናው በር ቆሟል። ሺፍት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እትዬ ወርቂቱ ዋሽተው ነው፣ ደግመውም ቢሆን ይዋሻሉ። ከስቷል። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ያጣ ይመስል ኪሱ ከቷቸዋል።

«አልነካኸውም» አለች ዮዳሄ ከወለሉ ሳትነሳ።

«አልነካሁትም።»

«መቼ አወቅህ?»

«ያኔውኑ። ሄይዋርድ። ቁልፉን ነቅዬ ስክሪኑን ስነካው በቀረችው ባተሪ በራ። ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አቶ ጋሻው አጠገቤ ቆመው ማነው የቀጠለው ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ሽማግሌዎቹ አባትሽን ልጃችን ልጅዎን ከሩቅ፣ በቤተ ክርስቲያን አይቷት ነው ሊሏቸው ነው የወጡት። የለም፣ ሳተርደይ ሳተርደይ እዚህ ጋራዥ ከኔ ጋር ነበረች፣ ትናንትም እሷ ናት የበየደችው ልበል? ሳን ሆዜ ከመድረሳችን በፊት ወሬው አባትሽ ጋ ይደርስ ነበር።»

«ከዚያስ በኋላ? ለኔ ለብቻዬ?»

«ከዚያማ ተናገርሽ» አለ መሬት መሬት እያየ። «አልፈርድብሽም። ግን እጄ ከመሸከም ሌላ አያውቅም ካልሽ በኋላ፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ ብል ለመልስ ይመስልብኛል። ደግሞ አውቅሻለሁ። አንድ ቦርድ ሲያመልጥሽ እህል አይወርድልሽም። ይሄንን ብታውቂ ራስሽን ነው የምትጠዪው። እኔን ብትጠዪ ይቀልሻል ብዬ ተውኩት።»

ዮዳሄ ቀና ብላ አየችው። ያን ሰሞን ሰው ፊት ላይ እንዲህ ቀጥ ብላ አይታ አታውቅም።

«አልጠላሁህምኮ» አለች። «ብጠላህ በማን ዕድሌ። ምንም ነው የሆንኩት ይብራህ። አልራበኝም፣ አልበረደኝም፣ አልናፈቅከኝም። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል?»

ይብራህ አጠገቧ፣ የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ሊነካ ትንሽ ቀረው፣ አልነካትም።

«ለምን ቆርጠህ አልጣልከውም?» አለች መጋጠሚያውን በባትሪዋ እያሳየችው። «ሌላውን ስታዞር ይሄንን ለምን ተውከው?»

«ኩቴክስሽ ነዋ። እንዳትሰነጥቀው ብለሽኝ የለ?»

ዮዳሄ ለረጅም ጊዜ ቀይዋን ነጠብጣብ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ለማን ነው?» አለ ይብራህ። ገባውና እጇን ያዛት። «ተይ። አሁን ምን ያደርጋል? እኔ እንደሆንኩ መንደይ ሄጃለሁ፣ አንቺ ከሳቸው ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖሪው። ቢያስወጡሽስ?»

«ልቀቀኝ» አለች በለሆሳስ፣ ለቀቃት።

አቶ ወልደ ሚካኤል ቶሎ አነሱ። «እስካሁን ከሥራ አልወጣሽም እንዴ?»

«ሥራ አይደለሁም አባዬ። ኦክላንድ ነኝ። ትርፍ ሰዓት ያልኩዎት ሁሉ ሥራ አልነበረም፣ እዚህ ነበርኩ፣ እሱ መኪና ውስጥ ኮምፒዩተር እየገጠምን። ያን እሁድ ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ሽቦውን በስህተት ያገናኘሁት እኔ ነኝ። እሱ አልነካውም።»

 ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። ይዘጋሉ ብላ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ ብሎ ነበርኮ» አሉ በመጨረሻ። «ሽማግሌዎቹም ደጅ ላይ ይህንኑ ነው የነገሩኝ። ልጁ ጥፋቱን አምኗል አሉኝ።»

«እዚህ መምጣቴን እንዳይሰሙብኝ ብሎ ነው።»

«እስካሁንስ?»

«ዝም ብሎ ኖረ አባዬ። እኔም ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

 አቶ ወልደ ሚካኤል የት እንደተቀመጡ ዮዳሄ ታውቃለች፤ ያ ሶፋ ከመጣ ወዲህ ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም።

«እነዚያን ሽማግሌዎች» አሉ፣ «ግቡ እንኳ አላልኳቸውም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ ልጅ… ስሙ ማን ነበር?»

 «ይብራህ» አለች።

«ይብራህ» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል ቀስ ብለው፣ አዲስ ቃል እንደሚለማመድ ሰው፤ ስልኩን ዘጉት።

«ምን አሉሽ?» አለ ይብራህ።

«ስምህን ጠየቁኝ።»

ኪሱ ውስጥ የሱም ስልክ ጮኸ። አውጥቶ ሲያየው ገዢው ነው። አላነሳውም፣ አልዘጋውምም፤ መርገጫው ላይ አስቀመጠውና እዚያው እየጮኸ ተወው። ዮዳሄ ከወለሉ ልትነሳ የመቀመጫውን ጠርዝ ስትይዝ እጇ ድንገት ወደ ኋላ ሸሸ። አውራ ጣቷን ገልብጣ አየችው። ትናንት የተቃጠለው ቦታ ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ አብጧል።

«ምነው?» አላት ይብራህ ደንግጦ።

«አመመኝ» አለች ዮዳሄ፣ ራሷም ማመን አቅቷት። «ይብራህ፣ አመመኝ።» እንባዋም መጣ።